ቤት የጠበበው ሸርጣን

ሰኞ

ቀንድ አውጣው ሞቷል። ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል የዓሣ ገንዳውን መብራት ሳበራ አየሁት፤ አሸዋው ላይ ተገልብጦ፣ ግማሽ ሥጋው ወደ ውጭ ወጥቶ። አጠገቡ ትልቁ ሸርጣን ቆሟል። መጀመሪያ የሞተውን ሊበላ የመጣ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ሥጋውን እየጎተተ ወደ ጎን ይጥለዋል እንጂ አይበላም። የፈለገው ቅርፊቱን ነው።

ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ቆሜ እሱን ሳስብ ዋልኩ። የሳል ሽሮፕ ለጠየቀችኝ ሴትዮ የጨጓራ መድኃኒት ላቀብላት ነበር።

ገንዳው የኛ አልነበረም። እዚሁ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊታችን ያለውን ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረው የስሪላንካው ሰው፣ ራንጂት፣ የፋብሪካ ውሉ አልቆ አገሩ ሲገባ ነው ትቶልን የሄደው። ጨዋማ ውሃው፣ ድንጋዩ፣ ድንጋዩ ላይ የሚወዛወዙት ኮራል የሚባሉ የባሕር ፍጥረቶች፣ ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች፣ ቀንድ አውጣውና አራት ሸርጣኖች። ሁሉንም በጅቡቲ በኩል ነው ያስመጣው። የሸርጣኖቹ ሥራ አልጌ መብላት ነው፤ ድንጋዩን አረንጓዴ እንዳይወርሰው ሲፍቁ ይውላሉ። ጀርባቸው ለስላሳ ስለሆነ የሞተ ቀንድ አውጣ በተወው ባዶ ቅርፊት ውስጥ ገብተው ነው የሚኖሩት። አባዬ "ተከራዮቹ" ይሏቸዋል።

ራንጂት ሲሄድ "ለአባትሽ ነው" ብሎኝ ነበር። ገብቶታል። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ከግቢ የሚወጡት እሁድ እሁድ ቸርች ለመሄድ ብቻ ነው። ሌላውን ቀን ራንጂት ቤት፣ ገንዳው ፊት ተቀምጠው ነበር የሚያሳልፉት። ሁለቱም ዝም ብለው። አሁን ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው ያንኑ ያደርጋሉ፤ ብቻቸውን።

ማታ "ቀንድ አውጣው እኮ ሞተ" አልኳቸው።

"ገደለው በይ እንጂ" ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ማክሰኞ

ለራንጂት ፎቶ ልኬለት በድምፅ መለሰልኝ። አማርኛው እንደዚያው ነው። "እህት፣ እሱ መጥፎ አይደለም። እሱ አደገ፣ ቤት ጠበበው። ትልቅ ቤት ስጪው። ቀለም ያለው ቤት አይሆንም፣ እሺ? ይሞታል።" ሁሌም ከትልቁ ሸርጣን ከፍ ያሉ ባዶ ቅርፊቶች ገንዳው ውስጥ መቀመጥ ነበረባቸው። የነበሩትን ተራ በተራ ገብተውባቸው ጨርሰዋል ማለት ነው።

የሟቹ ቅርፊት አልሆነውም። አፉ ጠባብ ነው። ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ደግሞ ሲገባ አየሁት። በመጨረሻ ትቶት ሄደ። እንዲያው በከንቱ።

ሌላም ነገር ተናግሯል ራንጂት፦ ድንጋዩ በጣም ከጸዳ ርቧቸው ይሆናል፤ የራበው ሸርጣን ደግሞ የማይነካው የለም። እውነትም ድንጋዩ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር አይታይም። ከተወልን የደረቀ የባሕር ሣር ቆርጬ ከጠጠር ጋር አሰርኩላቸው። ሦስቱ ትንንሾቹ እየተጋፉ መጡ። ደስ አለኝ። ትልቁ ዞር ብሎም አላየው።

ሥራ ቦታ አንዱ ባልደረባዬ የዓሣ መድኃኒት ውሃው ውስጥ ጨምሪበት አለኝ። መዳብ ያለበት ነው፤ ዓሣውን ቢያድን ሸርጣኖቹን ይፈጃቸዋል። አመስግኜው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እና የምፈልገው ይሄ ነው፦ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ አሁን ካለው ትንሽ የሚሰፋ፣ አፉ ክብ፣ ቀለምም ቫርኒሽም ያልነካው። ሐዋሳ ውስጥ።

ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድኩ። ዓሣ የሚያጸዱትን ሴቶች ጠየቅኳቸው፣ ሳቁብኝ፣ ግን ፈለጉልኝ። የሐይቁ ቀንድ አውጣ ቅርፊቱ እንደ ጥፍር ስስ ነው። ኪሴ ውስጥ እንኳ ሳይገባ ተሰባበረ።

ከዚያ የስጦታ ዕቃ ሱቅ። ባለሱቁ አንድ ዛጎል መብራቱ ስር አዟዙሮ "የባሕር ነው፣ ኦሪጅናል" አለኝ። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው የሚያብረቀርቀው ነገር ልጣጭ ሆኖ ተነሣ። ቫርኒሽ። ተውኩት።

ቤት ስደርስ አባዬ ገንዳው ላይ አጎንብሰው እጃቸው እስከ ክርናቸው ውሃ ውስጥ ነው። ደነገጥኩ። ትልቁ ሸርጣን ከትንንሾቹ አንዱን ይዞ ቅርፊቱን በራሱ ቅርፊት እያንኳኳበት ነበር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከመስተዋቱ ውጭ ይሰማል።

"ከረፋድ ጀምሮ ነው" አሉኝ። "ልቀቅ እያለው ነው። ይሄ ደግሞ ወዴት ይሂድ?"

የፕላስቲክ ወንፊት አመጣሁ፤ ትልቁን ለብቻው በወንፊቱ አድርገን ገንዳው ውስጥ አንጠለጠልነው። አባዬ እጃቸውን ሲያደርቁ ጣታቸውን አሸተቱ። አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

"አሰብ ቢሆን ዘግነሽ ትሰጪው ነበር።"

እውነት ነው፤ እዚያ ዛጎል እንደ ጠጠር ነበር። አባዬ ከወላይታ በወጣትነታቸው ወርደው ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ሆኑ፤ እኔ እዚያ ተወለድኩ። በእረፍት ቀናቸው ውሃው ሲሸሽ ትከሻቸው ላይ አድርገው ድንጋዩ ድረስ ይወስዱኝ ነበር። ከላይ ሆኜ አሸዋው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አሸዋው አልነበረም፤ ተከራዮቹ ነበሩ፣ ቤታቸውን ተሸክመው የሚርመሰመሱ። ማታ ማታ ከሙቀቱ የተነሣ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣና እዚያው ውጭ እንተኛለን። ጠዋት ከንፈሬን ስልሰው ጨው ጨው ይለኛል። ያ ጣዕም አሁንም ምላሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። አሰብን ለቀን ስንወጣ ግን ጭነቱም ጊዜውም አልበቃም። ማን ዛጎል ያስባል?

"አባዬ፣ ከዚያ ዛጎል ይዞ የወጣ ሰው ያውቃሉ?"

ወደ ገንዳው ተመልሰው አጎነበሱ። የረሱኝ መሰለኝ።

"ዘነበች" አሉ።

ሐሙስ

እትዬ ዘነበች አሰብ የወደቡ በር አጠገብ ሻይ ቤት ነበራቸው። ባላቸው ጀልባ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ከሞቱ ቆይተዋል። አሁን እዚህ መናኸሪያ አካባቢ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከአሰብ የመጡ ሰዎች በየወሩ ሲሰበሰቡ አባዬን ደጋግመው ጠርተዋቸዋል። አባዬ አንድም ቀን አልሄዱም።

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ልሄድ ነበር። ጃንጥላዬን ሳነሣ አባዬ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ቤቱን አታውቂውም" አሉኝ።

አውቀዋለሁ። አላልኩም።

ባጃጅ ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው መንገዱን ሲያዩ እንግዳ ይመስሉ ነበር። "ይሄ ሕንፃ መቼ ተሠራ?" አሉ። ሁለት ጊዜ።

እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ጋሽ ታደሰ! እርስዎ ነዎት ወይስ ሕልም ነው?" አቀፏቸው፣ አለቀሱ፣ ወዲያው ደግሞ ለምን እንዲህ ቀጠኑ ብለው ተቆጧቸው። አባዬ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዛጎል ፍለጋ እንደመጣን እኔ ነገርኳቸው።

ከቡፌው ስር የወተት ዱቄት ጣሳ አወጡና ትሪ ላይ ገለበጡት። ዛጎሎች። ነጭ፣ ቡናማ፣ ነብርማ። ባላቸው ከባሕር ሲመለሱ አንዳንድ እያመጡላቸው የተጠራቀመ ነው። "ሰው ወርቁን ይዞ ሲወጣ እኔ ይህን ይዤ ወጣሁ፤ ልጄ እስካሁን ይስቅብኛል" አሉ። አንድ በአንድ እያነሡ አሳዩን። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ጣሳው መለሷቸው። ክዳኑን ገጠሙት። አለቀልን አልኩ በልቤ።

"ለማስጌጫ አይደለም?" አሉኝ።

"አይደለም እትዬ። በሕይወት ላለ ሸርጣን ነው። ቤታችን ነው ያለው።"

"በሕይወት ያለ? የባሕር?"

"የባሕር።"

ወደ አባዬ ዞሩ። "እዚህ ከተማ ውስጥ የባሕር ፍጥረት አስቀምጠው ዝም አሉኝ? ጋሽ ታደሰ፣ በዚህስ ተቀይሜዎታለሁ። ነገ እመጣለሁ። ካላየሁት አልሰጥም።"

ዓርብ

ጠዋት መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። በባትሪ የሚሠራውን የአየር መንፊያ አስገባሁ። ሙቀቱ ደግሞ የዛሬው ነው ሙቀት፤ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩ። ትልቁ ሸርጣን ወንፊቱ ውስጥ ግማሽ አካሉ ወጥቶ ዝም ብሏል። ስነካው በጣም ቀስ ብሎ እግሩን ሰበሰበ። ለካ መሞት ይችላል። እስከዛሬ ገዳይ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው።

እትዬ ዘነበች ጣሳቸውን አቅፈው ደረሱ። ገንዳውን ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብስበው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ወንበር አልፈለጉም።

አባዬ በጣታቸው እየለኩ ሦስት መረጡ። አንዷ ውስጧ አሸዋ ነበረባት፤ እትዬ ዘነበች መዳፋቸው ላይ አራገፉትና ጥቂት አዩት። የአሰብ አሸዋ ነው። በመሐረባቸው ቋጠሩት። ዛጎሎቹን በጋዝ ምድጃ ቀቅዬ፣ ደጋግሜ አጥቤ፣ ሲቀዘቅዙ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ አሸዋው ላይ ደረደርኳቸው። ሸርጣኑን ከወንፊቱ አወጣነው።

አልተንቀሳቀሰም።

"አልወደደውም?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"አንቺ ደግሞ፣ ሰው እያየው ልብስ ይቀይራል እንዴ?" አሉ አባዬ። ፊታችንን አዞርን። የምር አዞርን፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ወደ ግድግዳ። ስንመለስ እዚያው ነው።

እትዬ ዘነበች ሲሄዱ በሩ ላይ፣ "ካልፈለገው መልሺልኝ። ከፈለገው የእሱ ነው" አሉኝ። ጣሳቸውን አቅፈው ወጡ።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሸርጣኑ ግን እንዳለ ነው። ብዙ ተስፋ የለኝም።

ቅዳሜ

ገባ!

እትዬ ዘነበች ዳቦ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሻይ ላቀርብ ስል አባዬ "ዝም! ዝም በሉ!" አሉ። ትልቁ ሸርጣን ቡናማዋን ዛጎል ይዞ በትንንሽ እግሮቹ ውስጧን እየዳሰሰ ነው። ጠርዟን ዞረ። አንከባለላት። አስገባ፣ አወጣ፣ አሰበ። ከዚያ በድንገት ከአሮጌው ቅርፊት ወጣ። ራቁቱን አየሁት፤ ጀርባው እንደ ሕፃን ጣት ሮዝ፣ የተጠመዘዘ፣ ምንም የማይከልለው። ወዲያው አዲሷ ውስጥ ነው። ከፍ ዝቅ ብሎ ተመቻቸና መራመድ ጀመረ።

አላበቃም። ከትንንሾቹ አንዱ ሮጦ የተተወውን ቅርፊት ያዘ። የእሱን ደግሞ ሌላው። እየተከታተሉ ቤት ለቀቁ፣ ቤት ገቡ።

እትዬ ዘነበች አጨበጨቡ። "የባለቤቴ ዛጎል እኮ ነው የሚሄደው!" አሉ። ሳቃቸውን ከለቅሶአቸው መለየት አልቻልኩም።

አባዬ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየመቱ ሳቁ። ቀጥለውም፣ "አልማዝ ብታይ 'ገበቴዬን መልሱልኝ' ትል ነበር" አሉ።

የሻዩን ትሪ አስቀመጥኩ። አልማዝ እናቴ ናት። ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ "እሷ" ነበር የሚሏት። ስለ ገበቴውም ረስቼ ነበር። አሰብ እያለን እኔና አባዬ የልብስ ማጠቢያ ገበቴዋን የባሕር ውሃ ሞልተን ሸርጣኖች አስቀምጠንበት፣ እጇን ስትከት አንዱ ቆንጥጧት ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸች። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይነካቸው ራሷ ስትጠብቃቸው ሰነበተች። አባዬ ይህን ሁሉ ለእትዬ ዘነበች ተረኩ። ጩኸቷን ሳይቀር አስመሰሉት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

እሁድ

ከሁሉም ትንሹ ሸርጣን ከትናንት ጀምሮ አልታየኝም። ድንጋዩ ስር ይሆናል፤ አዲስ ቤት የገባ ለጥቂት ቀን ይደበቃል ይላል ራንጂት። ወይም ሞቷል። ድንጋዩን ማንሣት ኮራሉን ይጎዳል፤ ታግሼ መጠበቅ ነው። የባሕር ጨዉም እያለቀ ነው፤ ከጅቡቲ ማን እንደሚያመጣልኝ ገና አላውቅም።

ከቸርች ስንመለስ አባዬ ኮታቸውን ሳያወልቁ ሳሎኑ መሐል ቆመው ወንበሮቹን በዓይናቸው ቃኙ።

"ዘነበች ለሁሉም አውርታላቸዋለች" አሉኝ። "የአሰብ ሰዎቹ ከሰዓት ሊያዩት ይመጣሉ። መቀመጫ ይበቃናል?"

"አይበቃንም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሂጂና ከጎረቤት ተዋሺ።"

ሄድኩ።