ኢንስፔክተር መዳፍ እና ያልተከፈተው አፎት

የፖሊስ መምሪያው ያወጣው መግለጫ እንዲህ ይላል፦ ኢንስፔክተሩ ሰሌዳ የሌላት መኪና አስቁመው ወደ ሹፌሩ በር ሲጠጉ ተተኮሰባቸው፤ ሽጉጣቸውን ለማውጣት ሞከሩ፤ የአፎቱ ክዳን ቁልፍ ግን ዝጎ ስለነበር አልከፈትላቸው አለ። አብራቸው የነበረችው ወጣት ፖሊስ የሰጠችው ቃል ደግሞ ሌላ ነው፦ ኢንስፔክተሩ ሽጉጣቸውን ለማውጣት አልሞከሩም፤ ያንን ቁልፍ ከነኩት ዓመታት አልፈዋል፤ እጃቸው ወገባቸው ላይ የነበረው ቁስሉን ሊይዙ ነው። ጥይቱ የገባው በቀኝ ጎናቸው ከአፎቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ አንድ እጅ ነው። የእህታቸው ልጅ በመሆኔ ቤተሰቡ ይህን እንድጽፍ ሲያዝዘኝ አንዱን ምረጥ ያለኝ ስለሌለ ሁለቱንም አስፍሬአለሁ።

አጎቴ ከከባድ መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከአባታቸው ጋር ጋቢና ተቀምጠው ይጓዙ ነበር። ፖሊስ ሲያስቆማቸው የአባታቸው እጅ ወረቀት ፍለጋ ሲንቀጠቀጥ ማየታቸውን እስከ መጨረሻው አልረሱም። “ወረቀቱ ሙሉ፣ ጭነቱ ልክ፣ እጁ ግን የሌባ እጅ!” እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቁ ግን ብዙም አይቆይም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1980 ዓ.ም. ፖሊስ ሆኑ፤ በትራፊክ ክፍልም ተመደቡ። በ1983 ዓ.ም. ባለቤታቸውን አገቡ። በ1985 ዓ.ም. የሥራ ጓደኛቸው ባስቆመው መኪና መስኮት ሥር በጥይት ሲወድቅ አሥር እርምጃ ርቀው አዩ። የጓደኛቸው አፎት እንደተቆለፈ ነበር። በማግስቱ የፖሊስ ማሠልጠኛው አዛዥ ቢሮ ገብተው አስተማሪ ልሁን ብለው ጠየቁ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ተፈቀደላቸው። አንድያ ልጃቸው የተወለደችውም በዚያው ዓመት ነው።

ለሃያ ሁለት ዓመት አደገኛ መኪና እንዴት ማስቆም እንደሚገባ አስተማሩ። በሁለት መኪና መካከል አትቁም። ከሹፌሩ በር ኋላ ቁም፤ አንተን ለማየት እሱ ይዙር። ፊቱን ተወው፣ እጁን እይ። ከመጠጋትህ በፊት የአፎትህን ቁልፍ ክፈት። መጀመሪያ ግን የመኪናውን የኋላ ክዳን በመዳፍህ ተጫን፤ አንድ ነገር ቢደርስብህ መዳፍህ ይመሰክርልሃል። ተማሪዎቻቸው “ኢንስፔክተር መዳፍ” ያሏቸው ለዚህ ነው። ልማዱ ቤትም ይከተላቸው ነበር። ሊጠይቃቸው የመጣ ዘመድ ሁሉ መኪናው ላይ አምስት ጣት ሳይታተምበት አልሄደም። በሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ እንኳ የሙሽራዋ መኪና ኋላ ላይ መዳፋቸው በግልጽ ይታያል። ባለቤታቸው ፎቶውን ለእንግዳ ሲያሳዩ “ሲያገባኝ እንዳይመስልህ፣ ሲይዘኝ ነው” ይሉ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ጎበዝ ነው የሚሉት ወጣት ፖሊስ የተማረውን ሁሉ በቅደም ተከተል አደረገ። የኋላ ክዳኑን ተጫነ፣ ከበሩ ኋላ ቆመ፣ ቁልፉን ከፈተ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ “እጅህን እንዳታንቀሳቅስ! መንጃ ፈቃድ!” አለ። የሃያ ሁለት ዓመቱ ሹፌር ሁለተኛውን ትእዛዝ ሰማና እጁን ወደ መቀመጫው ሥር ሰደደ። ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው። በእጁ የያዘው መንጃ ፈቃዱን ነበር።

አጎቴ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠሩ። ጠበቃው “ሟቹ የትኛውን ይታዘዝ ነበር?” ሲላቸው “አላውቅም” አሉ። ቀጥለውም ማንም ሳይጠይቃቸው “ሁለቱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ” አሉ። በወሩ ማስተማሩን ትተው ወደ መንገድ ሥራ እንዲመልሷቸው ማመልከቻ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ትእዛዝ አብረው ተናግረው አያውቁም። “እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉልኝ” ይላሉ፤ ይጠብቃሉ፤ “አሁን ቀስ ብለው መንጃ ፈቃድዎን” ይላሉ። ሽጉጣቸውን እንደ ደንቡ ይታጠቃሉ፤ ቁልፉን ግን አይነኩም። ባለቤታቸው “አንተ ሰው፣ እኔን ልትገድለኝ ነው?” እያሉ ቢለምኗቸው “አንቺን አይደለም” ይሏቸው ነበር።

የሟቹን ሹፌር እናት በየወሩ ይጠይቋቸው ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት በሩ አልተከፈተላቸውም። ደጃፉ ላይ ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ። በሁለተኛው ዓመት እናቲቱ “ግባ፣ ጎረቤት ምን ይለኛል” አሏቸው። ገብተው ምን ይነጋገሩ እንደነበር ቤተሰቡ አያውቅም።

ልጃቸው እሳቸው ሳይወዱ ፖሊስ ሆናለች፤ ዛሬ በዚያው ማሠልጠኛ ረዳት አስተማሪ ናት። ስለ ቁልፉ አባትና ልጅ ሲከራከሩ ምግብ ይቀዘቅዝ ነበር። “አባዬ፣ ጓደኛህ ተቆልፎ ነው የሞተው” ትላቸዋለች። “ያ ልጅም ተከፍቶ ነው የሞተው” ይሏታል። ማናቸውም ተሸንፈው አያውቁም።

ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ሲቀራቸው፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተመቱ። ያስቆሟት መኪና ተጥላ ስትገኝ መዳፋቸው የኋላ ክዳኗ ላይ ነበር፤ ተኳሹም በዚሁ ምክንያት ተይዟል። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆዩ። ልጃቸው አልጋቸው ላይ ጎንበስ ብላ “አባዬ፣ ልትከፍተው ነበር?” ብላ ጠየቀቻቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት፤ መልሰውም ከደኑት። ኅዳር 14 ቀን በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አጎቴ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እናቴ የሆነችውን ታላቅ እህታቸውንና ቁጥራቸውን የማናውቀው ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ የማንም እጅ በማይንቀጠቀጥበት፣ ማንም የማንንም እጅ በማይጠረጥርበት ስፍራ ያሳርፋቸው።

ጽሑፌ እዚህ ላይ አብቅቶ ነበር። የሚከተለው እንዲነበብ ያዘዘችኝ ልጃቸው ናት። ትናንት ከሰዓት በኋላ የማሠልጠኛው አዛዥ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነበር። ሰኞ አዲስ ኮርስ እንደሚጀመር፣ የአባቷ አሟሟትም በትምህርቱ እንደሚገባ ነገሯት። “አንቺ ካልቻልሽ ሌላ ሰው እንመድባለን፣ ማንም አይፈርድብሽም” አሏት። የሟቹ ሹፌር እናት ከአጎቴ ባለቤት ጎን ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ተነሥታ የተናገረችው ለአዛዡ አልነበረም፤ ወደ እናቲቱ ዞረች።

“እማማ፣ አባቴ ክፈቱ ብሎ አስተማረ፤ ልጅዎ ሞተ። ዘግቶ ሄደ፤ ራሱ ሞተ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ይቅር ይበሉኝ። ሰኞ ክፍል እገባለሁ፤ የማስተምረውም ቁልፉን ከፍታችሁ ቅረቡ ብዬ ነው።”