ሻርኮችህ እናታችን ቤት ደረሱ

ለወንድሜ ለክንዱ፣ ጅቡቲ

እንደምን ሰንብተህልኛል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ያ የጆሮህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ባሕር በገባህ ቁጥር ይነሳብሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። እኔ ግን ደክሞኛል። ሳምንቱን በሁለት ፈረቃ አስተምሬ፣ ቅዳሜ ከቡሬ ሦስት ሰዓት በእግሬ እናታችን ዘንድ፣ እሑድ መልስ። «እማ ካልመረቀችኝ ሻርክ መሃል የሚያስጠልቀውን የጀልባ ሥራ አልቀበልም» ብለህ ከጻፍክ ወዲህ ይኸው አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ጊዜ «አራት ዓመት ያላየሁትን ልጄን ለአውሬ አልመርቅም» ብላ መልሳኛለች።

ከጀርባቸው ስለ እያንዳንዱ የጻፍክባቸውን ፎቶዎች ሾፌሩ ትዕዛዙ ሐሙስ ዕለት አደረሰልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳያቸው ተናደድኩብህ። የፈራችውን አውሬ በቀለም አሳጥበህ ትልክላታለህ? ቢሆንም ይዤ ሄድኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ደጊቱ ወሬ እንዳያመልጣት ቀድማኝ ገብታለች። እማ ጥርሳሞቹን ሻርኮች ገና ስታይ በፊታቸው ደፋቻቸው። መዶሻ ራስ የምትለውን ግን አገላብጣ አየችውና «ይኸስ ቀንበሩን ሳይፈቱለት የተለቀቀ ነው» አለች። ደጊቱ ደግሞ ሬይ ከምትላቸው ከጠፍጣፎቹ አንዷን፣ ክንፏን ዘርግታ የምትቀዝፈውን አንስታ «እች በውኃ የምትበር አሞራ ናት? ምን አገር ነው ልጅሽ የገባ?» ብላ ሳቀች። እማ ነጠቀቻት። አሸዋ ላይ የተኛችውን ባለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ «እንዲህ ያለ ጥልፍ ማን ጠለፈላት?» አለች። ጭራዋ ላይ መርዛም እሾህ መኖሩን አላነበብኩላትም፤ አንተም ዝም በል።

ከዚያ ትልቁ ሻርክ መጣ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተዘራበት፣ ከጀልባችሁ የሚረዝመው። ሰው እንደማይነካ፣ ጥቃቅኑን ከውኃው እያጣራ እንደሚበላ አነበብኩላት። «ይህን ሁሉ አፍ ይዞ በወንፊት?» ብላ አዘነችለት። የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው እንደማይመሳሰል፣ አንተም እያንዳንዱን በጎኑ ለይተህ እንደምታውቅ ሳነብላት ግን የትልቁን ሁለት ፎቶ አነሳች። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ፣ በሬ ሊገዛ እንደቆመ ሰው፣ ከትከሻ እስከ ጭራ በጣቷ ሄደችበት። «የዚህ መልኩ ቡሬ ነው፣ ዝንጉርጉር። ይኸኛው ዳልቻ፣ ነጠብጣቡም ሳሳ ይላል» አለች። ወዲያው «እረኛ አላቸው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመንገዱ ድካም የተነሳ ሳላስብ «ክንዱ ነዋ!» አልኳት።

ቆይታ ከዚያ ባሕር ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀችኝ። ኅዳር ገብተው የካቲት ላይ እንደሚጠፉ፣ የት እንደሚከርሙም አጥርቶ የሚያውቅ እንደሌለ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ ምሥራቅ ዞረች። «ክንዱን ውኃው ይሸከመው፣ ጥርሳሙ አይየው» አለች። ደስ ብሎኝ አሜን ልል ስል እጄን ያዘችኝና «አልጨረስኩም» አለችኝ። «የካቲት እነሱ ሲሄዱ እሱም ይምጣ።»

እንግዲህ ምርቃቱ ይኸ ነው፤ ሳልቀንስ ሳልጨምር ልኬልሃለሁ። አምስተኛ አልመላለስልህም።

ልጄ ሄቨን የእሾሃሟን ፎቶ ደብተሯ ውስጥ አድርጋ ትስምሃለች። አጎታችን ቢሆነኝ ጤና ይስጥልኝ ብለውሃል። ደጊቱም ሰላም ብላሃለች፤ አሞራዋን ግን እስካሁን አልተወቻትም። እማ ቡሬ ያለችውን ሻርክ በበሩ ትይዩ ሰቅላዋለች፤ ጠዋት ከብቶቹን ስታስወጣ ቀና ብላ ታየዋለች አሉ።

እህትህ ያምሮት
ቡሬ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1999 ዓ.ም.