የእንጆሪው ሳህን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ለወግ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ዛሬ የምሬን ነው። ኦፕራሲዮንሽ ሐሙስ ነው አላልሽም? ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው። ታዲያ ስልክሽን ከጠዋት ጀምሮ ምን ዘጋው? ይህን ወረቀት የአውቶቡሱ ሹፌር ያደርስልሻል።

መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የሻገተውን ልተንፍሰው። አምስት ዓመት ሙሉ የእማዬን ገላ የማጥበው፣ ፀጉሯን የማበጥረው፣ የማጎርሳት እኔ ነኝ። አንቺ ለሦስት ቀን መጣሽ፤ ያንን መሃሉ ቀዳዳ ዳቦ፣ ቤግል የምትይውን፣ ለሁለት ሰንጥቀሽ ጠበስሽ፣ አይብ ቀባሽ፣ ፍራፍሬ ደረደርሽበት፣ ቁርስ በአምስት ደቂቃ ብለሽ አሳየሻትና ሄድሽ። አለቀ፣ ነገሥሽ! የእኔን ስም ረስታ «አንቺ ልጅ» ነው የምትለኝ። ቤግሉን ግን አልረሳችም፤ ማን ምን ፍሬ እንደሚወድም አልረሳችም። ለእኔ አንድ ቀን ሠርታልኝ አታውቅም። ሙዝ እንደምወድ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል!

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እስካሁን የደበቅኩሽ «ደግሞ ጀመራት» ብለሽ እንዳትስቂብኝ ነው። አጎታችን የሞተ ዕለት፣ መርዶው ሳይደርሰን፣ እማዬ ቤግል ጠብሳ ወይን ደረደረችበትና ባዶ ወንበር ፊት አስቀመጠች። አጎታችን እንደሚወደው አርጋ ዘሩን አንድ በአንድ ለቅማለታለች። የማን ነው ብላት፣ ባለቤቱ ያውቃል አለችኝ። አጋጣሚ ነው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ወር ደግሞ ኮክ ከተፈች። ኮክ የሚወደው ታች ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ነው። በመስኮት ሳይ ሰውዬው እያፏጨ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። ላድርስለት ብዬ ወደ ሳህኑ ስዘረጋ እጄን መታችኝ፦ «አትንኪ፣ የበላው ነው ባለቤቱ» አለችኝ። ምሳ ሳይደርስ መኪናው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ።

ዛሬ ጠዋት እንጆሪ ከተፈች። ከላይ ማር፣ ከማሩ ላይ የሎሚ ልጣጭ። ካንቺ በቀር እንዲህ የሚበላ ማን አለ? ቀዳዳው ላይ አንዷን ሙሉ ፍሬ እንደ ቡሽ ወተፈችበት። ስልክሽ ላይ ደወልኩ፣ ዝግ። ደገምኩ፣ ዝግ። ሳህኑን አየሁት፤ እሱም ያየኝ መሰለኝ።

እንጆሪ ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ልጅ ሳለን በአንዲት ፍሬ ፊቴ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ሐኪሙ አባዬን «ሁለተኛ ከቀመሰች ወደ እኔ አታምጣት፣ አልደርስላትም» ያለው ትዝ ይልሻል?

እማዬ ፊቷን ስታዞር በላሁት። አንዲት ፍርፋሪ አላስተረፍኩም፤ ማሩንም ላስኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይጣፍጣል። ስለዚህ ያ ሳህን ያንቺ አይደለም፣ ሰማሽ? ሐሙስ ሳትፈሪ ተኚ።

ጽሑፌ ቢወላገድ አትሳቂ፣ ጣቶቼ አብጠዋል። የእማዬ መድኃኒት ከስኳሩ ጣሳ ጀርባ ነው። ውሃው ለብ ያለ ካልሆነ ትጮሃለች። ፀጉሯን ከጫፉ ጀምረሽ አበጥሪ።

አሁን ስልኬ ጮኸ። አንቺ ነሽ! ተመስገን። ድምፄ ስለማይወጣ አላነሳሁትም፤ እንዳትቀየሚኝ።

እማዬም ተነስታ ሌላ ቤግል ሰነጠቀች። ሙዝ እየላጠች ነው። በስሜ ጠራችኝ ደግሞ፣ በስንት ዘመኗ!

ከእኔ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

ታናሽሽ