የበረዶው ጌታ የዶሮ እግር

ሰኞ፣ ጥር 4

እኔ ኢቱንጉ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ፦ የበረዶውን ጌታ ዶሮ በልቻለሁ።

አንድ እግር ብቻ ነው... አያቴ ባሉኩ ተራራው ላይ ከመውጣታችን በፊት በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ተራራው ሥር ያለው ዋሻ ውስጥ ያኖረዋል። ለበረዶው ጌታ ለኪታሳምባ፣ መንገድ ክፈትልን ለማለት። ጥቅሉ አይፈታም። ድንጋይ ጠቅልዬ ተካሁለት። ማን ያያል?

አያቴ አርባ ዓመት እንግዳ ተራራ ሲያወጣ ኖሮ ዘንድሮ ለራሱ ነው የሚወጣው። በረዶውን ለመጨረሻ ጊዜ ሊነካው። ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔን እንቁራሪት ነው የሚለኝ፤ “እንቁራሪቷ ዓይን ትሁነኝ” ብሎ አመጣኝ። እኔ አፍ ሆንኩበት።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ጭጋግ። ረግረጉ ቦቲዬን ዋጠው። አጎቴ ማሴሬካ እየጎተተ ሲያወጣልኝ አፏጨ።

“እዚህ ይፏጫል? ጭጋግ ልትጠራብን!” አለ አያቴ።

“ጭጋጉማ ቀድሞኛል፣ አባዬ።”

አጎቴ ሃምሳ ዓመቱ ነው። አያቴ እንደ ሕፃን ተቆጣው። ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ሁለተኛ ቀን በተራራው ማረፊያ ጎጆ ውስጥ። ምግብ እያለቀ ነው። ጭጋጉ ነገ ካልተገፈፈ እንመለሳለን፣ አለ አጎቴ። አያቴ ጉልበቱን እያሸ፦ “ኪታሳምባ አልተቀበለኝም። አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ።”

ዝም ልበል?... አልቻልኩም።

“አባባ፣ እግሩን የበላሁት እኔ ነኝ።”

“የማንን እግር?”

“የዶሮውን።”

“እኔ በፉጨት ስሰደብ!” አለ አጎቴ።

አያቴ ግን፦ “ታዲያ ምን አኖርኩለት?”

“ድንጋይ።”

“ለተራራ ድንጋይ!” ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሳቅ። ዓይኑን ጠረገ። “እኔ እኮ ማርጀቴን ጠልቶ መስሎኝ ነበር... ስንወርድ ትክሺለታለሽ፣ አንቺ እንቁራሪት።”

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ተገፈፈ!

አያቴ ድሮ በረዶው ይጀምርበት የነበረውን ቦታ አሳየኝ። አሁን ባዶ አለት ነው። ከዚያ ገና ብዙ ወጣን። በረዶው ጋ ሲደርስ ጓንቱን አውልቆ መዳፉን አሳረፈበት፣ እንደ ታመመ ዘመድ ግንባር። “አለህ?” አለው። አልሳቅኩም።

እሱ እዚያው ሊጠብቀን ቀረ። ገመዱን ወገቤ ላይ በገዛ እጁ አስሮ ከአጎቴ ጋር ወደ ጫፉ ላከኝ። ጫፉ ላይ ተመስገን አልኩ። ለጉልበቱ። ለጭጋጉ ጭምር።

ሰኞ፣ ጥር 11

ዋሻው። ሁለት ቀን ሳልነካ ያቆየሁትን የደረቀ ዓሣ በአዲስ ቅጠል ጠቀለልኩ። ድንጋዬን ለማስታወሻ ወስጄ ዓሣውን አኖርኩ። ሙሉውን! ግን ሽታው... አንዴ ፈትቼ ባሸተው ምን አለበት? ክሩን ያዝ ሳደርግ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቁራሪት ሲለኝ የከረመው ሰውዬ ከኋላዬ ቆሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ፦

“ኢቱንጉ!”