በራስሽ ልክ ስፊው

ነሐሴ 1 ቀን 1972

ዝናብ። ቀሃ ወንዝ ሞልቷል። የዘፈዘፍኩትን ቆዳ ጎርፍ ሊወስድብኝ ነበር፤ በእግሬ ረግጬ፣ በእጄ ጎትቼ አወጣሁት። ከሰዓት ቀበቶ ሰፋሁ። ከዚያ ምንም። ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ በር ላይ ቆምኩ፣ ተመለስኩ።

"ምነው አንቺ ልጅ፣ እሾህ ላይ ነው የተቀመጥሽው?" አለች እማዬ።

ምን እንደሚያቅበዘብዘኝ ባውቅ ለራሴ አልነግረውም ነበር? ስምንተኛ ክፍል ደርሼ አቆምኩ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ከእማዬ ጋር ቆዳ እንፍቃለን፣ እናለፋለን፣ እንሰፋለን። ከተማው ሁሉ የኛን ቀበቶ ታጥቆ ይሄዳል፤ ደጃችንን ግን አልፎ የሚገባ የለም።

ነሐሴ 3

የቀበሌው ካድሬ ጓድ ታከለ መጣ። በራፍ ላይ አልቆመም፤ ገባ። መደቡ ላይ ተቀመጠ! እማዬ የምታደርገውን አጣች።

መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ትርዒት አለ። የኪነት ቡድኑ አዲስ ጀግና ፈጥሯል… ጥይት የማይበሳው፣ ሰንሰለት የማያስረው፣ ከገደል ገደል የሚዘል። ስሙ ክንደ ብረት። ከአናቱ እስከ እግሩ ቆዳ ይልበስ ተባለ። ጭምብልም አለው።

"ፊቱን ምነው ሸፈናችሁት?" አልኩ።

"ሕዝብ ነዋ። ሕዝብ የአንድ ሰው ፊት የለውም።"

"ካባስ?"

አሰበ። "ካባ የባላባት ነው… ግን ሲዘል ያምራል። አጭር ይሁን።"

ሳቄን ዋጥኩ። የሚጫወተው ቢሻው ነው፤ ያ በየስብሰባው "እኩል ነን" እያለ የሚዘፍነው መልከ መልካም።

ታከለ ሲወጣ እማዬ፣ "እምቢ በይ። ሰው ዓይን አትግቢ። ዝም አይነቅዝም" አለች። እምቢ? እኔ? ጀግና ልሰፋ!

ነሐሴ 6

ፍልሰታ ነው፤ የሚታረድ የለም፣ ቆዳ የለም። ገበያውን ዞሬ ሁለት የፍየል ቆዳ ብቻ አገኘሁ። ለደረቱ የሚሆነው አባዬ አልፍቶ ያስቀመጠው የበሬ ቆዳ ነው። እማዬን ጠየቅኳት። ዝምታዋን እንደ እሺ ቆጥሬ ቆረጥኩት።

ነሐሴ 9

ቢሻው ለልክ አልመጣም።

ነሐሴ 11

ዛሬም።

ነሐሴ 12

ራሴ ሄድኩ። ቀበሌ አዳራሽ ልምምድ ላይ አገኘሁት። መለኪያዬን ይዤ ቀረብኩ… አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቀረብኩ… ሌላ እርምጃ። ግድግዳው ያዘው። ሰው ሁሉ ያየናል።

"ሥራ በዝቶብኛል" አለ ፈገግ ብሎ። "ቁመታችን አንድ ነው፤ በራስሽ ልክ ስፊው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናቴ ናት… ልክህን ከሰጠሃት ትበላሃለች አለችኝ። እንዳትቀየሚኝ።"

አልተቀየምኩም አልኩት። ውሸት! ጥርሴን ነክሼ ነው ቤት የደረስኩት። እኛ በዓይናችን ሰው እንበላለን፤ እንዲያ ይባላል። ሰው የሚጠራንን ቃል ግን በአፉ አላነሳትም፤ ለእናቱ ተወላት። ቤታችንም ቃሏ አትነሳም። እማዬ "ባለእጅ" ነው የምትለው፤ ሌላኛዋን ከሰው አፍ ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ፋቂ። ይኸው ጻፍኳት። ወረቀቱ አልተቃጠለም።

የቢሻው ትከሻ ከኔ እንደሚሰፋ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። በራስሽ ልክ አለ፤ በራሴ ልክ ይሆናል።

ነሐሴ 20

ሰሞኑን አልጻፍኩም። ጣቴን ወስፌ ወግቶት እስክሪብቶ አልይዝ አለኝ። የደረቱን ቆዳ ውሃ አጠጥቼ ድንጋይ ላይ ወጥሬ ቅርጽ አስያዝኩት። ክንዱ ላይ ጠፍር ጎነጎንኩ። ጥላሸት በቅባት ለውሼ ሁሉንም አጠቆርኩ። ዝናቡ አላደርቅ ብሎኝ ምድጃ ዳር አገላብጠዋለሁ።

እማዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ለበስኩት። መስታወታችን ትንሽ ናት፤ ራሴን በቁራጭ በቁራጭ አየሁ። ትከሻ። ጉልበት። ጭምብል። ማን ናት? ከመደቡ ላይ ዘለልኩ። ደግሜ ዘለልኩ። ሦስተኛው ላይ እማዬ ገባች።

"በስመ አብ!" ብላ ግድግዳውን ያዘች። እንድትረጋጋ ጭምብሉን አወለቅኩ። ዞረችኝ፣ ነካካችኝ። "ብብቱ ላይ ጠበቅ ይበል" ብላ ወጣች። ተቆጥታ ይሁን ወዳው… እሷን ማን ያውቃል?

ነሐሴ 26

ፒያሳ፣ ጋሼ ላቀው ፎቶ ቤት ነበርኩ። ጓድ ታከለ ለማስታወቂያ ሰሌዳው የክንደ ብረትን ፎቶ በአስቸኳይ ይፈልጋል። ልብሱን አደረስኩ፤ ቢሻው የለም። አዘዞ ለወታደሮች ሊዘፍን ሄዶ "ማኪና ተበላሸብን" ብሎ ስልክ አስደወለ።

ጋሼ ላቀው ሲያጉረመርም ቆየና አየኝ። "ለነገ አድርስ ተብያለሁ። ጭምብል ነው፤ ማን ሊያውቅ? ልበሺው።"

"እኔ?"

"ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው።"

ለበስኩ። ደረቱ ወፍራም ነው፤ ሴት ይሁን ወንድ አይለይም። አንድ ጊዜ አነሳና ራሱን ነቀነቀ። ጥቁር ቆዳ ብርሃን ይጠጣል አለ። ቅባት አስመጥቼ አወዛሁት። ከዚያ ጓሮ ወስዶ የድንጋዩ ደረጃ ላይ አቆመኝ።

"ተቆጪ!"

"በማን?"

"እኔ ምን አውቄ። የሚያስቆጣሽ ሰው አይጠፋም።"

አልጠፋም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሸሸውን አሰብኩ። ቀጭ አለ።

"ይሄ ነው!" አለ ጋሼ ላቀው። እንደ ልጅ ዘለለ፣ በዚያ ዕድሜው። እየሳቅኩ ቤት ገባሁ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም።

ጳጉሜን 2

ፎቶው ፒያሳ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ትልቅ ነው፤ ሰው ከቦታል።  የድንጋዩ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ አገጬን ቀና አድርጌ… እኔ ነኝ! ከስሩ የተጻፈውን አነበብኩ።

"ጓድ ቢሻው በክንደ ብረት ገጸ ባሕሪ።"

"ቁመናውን እዩልኝ!" ይላል አንዱ። ቢሻው እዚያው ቆሟል። ይጨብጡታል፣ ይስቃል። አየኝና ዞር አለ። አንዲት ቃል… "እኔ አይደለሁም" ቢል ምን ነበረበት?

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። "ሆድ ይፍጀው" አለች። የኔ ሆድ ግን ሞልቷል። ስሜን እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

መስከረም 1 ቀን 1973

ነገ ነው። ዓመት በዓሉ አልበላ አለኝ።

መስከረም 2

አንድም ሳልተው ልጻፈው።

መጋረጃ ጀርባ ነበርን። ውጭ አደባባዩ ሞልቷል፣ ባለሥልጣናቱ ተቀምጠዋል። ቢሻው አንድ ቀን እንኳ ያልሞከረውን ልብስ አነሳ። ግራ እጁ ገባ፤ ቀኙ ትከሻው ላይ ቀረ። ሁለት ሰው ጎተተለት። ደረቱ አልገጥም አለ፤ የብብቱ ስፌት ጠጠጠ ብሎ ተተረተረ።

"ልኩን አልወሰድሽም?" ጓድ ታከለ ጮኸ።

"በራስሽ ልክ ስፊው አለኝ፤ ሰፋሁ።"

"ለምን?"

ሁሉም ወደ ቢሻው ዞረ።  "እናቴ…" አለ። ከዚያ ወዲያ አልወጣ አለው።

"በፋቂ እጅ እንዳይለካ ብላው ነው" አልኩ። እኔው አልኳት። የሰማ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ጓድ ታከለ ሰዓቱን አየ፣ መጋረጃውን አየ። "አንቺ ልበሺው። ክንደ ብረት አይናገርም፤ ትንፍሽ እንዳትዪ። ጭምብሉንም እንዳታወልቂ።"

ብብቱን በሁለት ጥልፍ ያዝ አደረግኩና ወጣሁ። ሰንሰለቱን ከጠፍር የጎነጎንኩት እኔ ነኝ፤ የሚበጠስበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ዘለልኩ። በጠስኩ። አደባባዩ ተናወጠ።

"ቢሻው! ቢሻው! ቢሻው!"

ጆሮዬ ጋለ። እጄ ራሱ ሄደ… አወለቅኩት።

 "ሴት ናት!" አለ አንዱ ከፊት። ሌላው ከኋላ የእማዬን ስም ጠርቶ፣ "የእንኳየሁ ልጅ አይደለችም እንዴ? ፋቂዋ!" የሳቀ አለ። ያጨበጨበ አለ። ተነስቶ የሄደም አለ። ጓድ ታከለ ማይክራፎኑን ይዞ፣ "ጭቁኗ እህታችን ይህች ናት!" ብሎ ጀመረ፤ ጭብጨባውን ሁሉ እሱ ወሰደው።

በሕዝቡ መሃል እማዬን ፈለግኳት። ጀርባዋን አየሁት። ነጠላዋን ተከናንባ ቶሎ ቶሎ ወደ ቤት ትሄዳለች።

መስከረም 3

አታናግረኝም።

መስከረም 5

ቀበሌ ተጠራሁ። "ዲሲፕሊን ጥሰሻል" ተባልኩ። ልብሱ የሕዝብ ንብረት ነው ብለው ወሰዱት። ፎቶውም ከሰሌዳው ወርዷል። "ስሙን አርማችሁ ስቀሉት" አልኩ። ጓድ ታከለ፣ "አንቺ ልጅ፣ በሰላም ወደ ቤትሽ መግባት አትፈልጊም?" አለኝ። እፈልጋለሁ። ወጣሁ። ቢሻው መንገድ ላይ አገኘኝ፤ ይቅርታ የሚል መሰለኝ፤ ግን ማዶ ተሻገረ።

እማዬ ጎኔ ተቀምጣ ትፍቃለች። ድምፅ የለም፣ የመፋቂያው ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 14

ጋሼ ላቀው አስጠራኝ። ፎቶውን ለራሱ መስኮት ሌላ አጥቧል። እሱ መስኮቱ ላይ ሲሰቅል ከስሩ ስምና ሥራ ይጽፋል፤ እገሊት፣ ነርስ… እገሌ፣ አናጢ። ልማዱ ነው።

"ማን ልበል?"

"ወርቅአፈራሁ ወልደኢየሱስ።"

"ሥራ? ባለእጅ ልበል?"

"አይ።"

"የቆዳ ውጤቶች ሠራተኛ? አሁን እንዲህ ነው የሚባለው።"

"ፋቂ ይበሉ።"

እስክሪብቶው ቆመ። "ወርቅዬ፣ መስኮቴን በድንጋይ ልታስመቺ ነው?"

"እንግዲያው አይስቀሉት።"

ብዙ አየኝ። ከዚያ ጻፈ፣ በዚያ በሚያምር እጁ።

አሁን ግን እንቅልፍ የለኝም። እማዬን አልጠየቅኳትም። ቃሏ የኔ ብቻ ናት እንዴ? ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸቻትን እኔ ፒያሳ ላይ ሰቀልኩባት። ሄጄ አውርዱልኝ ልበል? ነገ እሄዳለሁ።

መስከረም 15

ፎቶ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ፎቶዬን አየሁት። ማውረዱ አቃተኝ፤ ተመለስኩ።

መስከረም 18

ድንጋይ አልተወረወረም። ቆሞ የሚያነብ አለ፣ የሚተፋም አለ። እማዬ ሰምታለች። ጎረቤት ነግሯታል። 

መስከረም 24

ቅዳሜ። የጋሼ ላቀውን ካሜራ ማንገቻ ሰፍቼለት ላደርስ ገባሁ። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ሳይ… እማዬ!

በጠራራ ፀሐይ፣ ፒያሳ መሃል። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ፊቷ ተገልጧል። ፎቶው ፊት ቆማለች። መሠረተ ትምህርት ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ፊደል ትለቅማለች። መውጣት ፈራሁ። በሩ ጀርባ ቆምኩ።

ኮት የለበሰ፣ መምህር መሳይ ሰውዬ ሲያልፍ አስቆመችው።

"ወንድም ዓለም፣ እስቲ ይኽን አንብብልኝ።"

ሰውዬው ጠጋ አለ። "ወርቅአፈራሁ… ወልደኢየሱስ…" ብሎ ቆመ።

"ምነው ቆምህ?"

"ይኸው ነው፣ እናቴ። ስሟ ነው።"

"አይደለም። አንድ ቃል ቀርታለች።"

ሰውዬው አያት። ግራና ቀኝ አየ፤ ሰው ቆሟል። "ተዪው፣ እናቴ… ጥሩ ቃል አይደለም።"

"ልጄ ናት ያስጻፈችው። አንብባት።"

"ፋቂ" አለ፣ በሹክሹክታ።

እማዬ ነጠላዋን አልሳበችም።

"አልሰማሁህም" አለችው። "ጮክ በል።"