ባለ አምስት መቶ ጊጋው ሚሞሪ

ወንጌልዬ፣

ደሴ ድረስ ወጥተሽ በሻይ ዋጋ የገዛሽልኝ ባለ አምስት መቶ ጊጋ ሚሞሪ ጠረጴዛው ላይ አለልሽ። ጉትቻ አድርጊው።

አያቴ ቢስቲማ ከተማ ላይ ያሉትን የሦስት ሰዓት መንዙማ በቪዲዮ ቀድቼበት ነበር። ስልክ ጠጋኙ ሀፊዝ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ሲፈትሸው እውነተኛ መጠኑ ስምንት ጊጋ ሆኖ ተገኘ። ከቪዲዮው የሚከፈተው፣ ሰው ሲሰበሰብና ምንጣፍ ሲነጠፍ ያለው መጀመሪያው ብቻ ነው። ምንጣፉ ግን ወላሂ ጥርት ብሎ ይታያል!

ሌላ ጊዜ ስትገዢ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ይበቃል። ማሸጊያው ስላማረ አትመኚው፤ ከሱቁ ሳትወጪ አስፈትሺው።

ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙዪ።

ትናንት ጎረቤት ፊት «ርካሽ ነገር ስታይ ዓይኗ ይጠፋል» ብዬሻለሁ። «ርካሽ ፈልጊልኝ» ብዬ የላክሁሽ ግን እኔው ነኝ። ይህን ለጎረቤት አልነገርኩም።

ለአያቴ ደውዬ ነገርኳቸው። «ሚሞሪው ቢረሳ እኔ ረሳሁ እንዴ? ነይ፣ እንደገና እላለሁ» አሉኝ።

ድምፃቸው ግን ደክሞብኛል። ሳልቀሰቅስሽ ወደ እሳቸው የወጣሁት ለዚህ ነው፤ ሌላ ነገር አይምሰልሽ።

ጣይባ