ያልተመቱት አሥራ ሰባት ሪቬቶች

ውድ ኔስቶር፣

ይህ አራተኛው ሙከራዬ ነው። ሦስቱን ጽፌ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ስልክ እንዳልደውል ልጅህ ላሪሳ «አባባ ድምፅህን ሲሰማ ይዘጋብሃል» ብላኛለች፤ እሷ ደግሞ አትዋሽም። ደክሞኛል ኔስቶር፣ ጉልበቴም ልቤም። እስከ መጨረሻው አንብበኝ እንጂ መልስ ብትነፍገኝ አልቀየምህም።

የጦር አውሮፕላኑ ጥገና ሊያልቅ ነው። በሰኔ አጋማሽ የከተማው ሰው በተሰበሰበበት አራቱንም ሞተሮች እናስነሳለን። እንደማይበር አንተም እኔም ከጥንት እናውቃለን፤ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ በራሱ ጉልበት ሊንቀጠቀጥ ነው። የቀረው ጅራቱ ላይ፣ ከተኳሹ መቀመጫ ሥር ያለችው አንዲት ቆርቆሮ ናት። ከአጽሙ ጋር የሚያጣብቋት አሥራ ሰባት ሪቬት፣ ጫፋቸው ተቀጥቅጦ የሚደፈጠጥ ምስማሮች፣ ቀርተዋታል።

አውሮፕላኑን አባቴ እርሻ ላይ መጀመሪያ ያየህበት ቀን ሰሞኑን ከአእምሮዬ አይጠፋም። አባቴ ከጦርነቱ በኋላ በርካሽ ሲሸጥ የገዛው እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ለክረምቱ በረዶ የሚሆን ዕቃ ሊነቅልበት ነበር፤ የሞተሩን ፀረ በረዶ ፈሳሽ ቀድቶ ለጭነት መኪናው አደረገው፣ የጅራቱን ጎማ ለጋሪ፣ ሽቦውን ለአጥር። ሌላ የሚነቀል ነገር ሲያጣ ዶሮዎቹን አስገባበት። አንተ ጎንበስ ብለህ በኩሱ መሀል ቀጥ ብለህ፣ በጦርነቱ እንደለመድከው፣ ጅራቱ ላይ ወዳለው የተኳሽ መቀመጫ ሄድክ። እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅኩህ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባርኔጣህ ላይ ላባ ተሰክቶ ወጣህ።

«የበረርክበት ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩህ።

«የኔንማ አቅልጠው ድስት ሠሩበት። ሚስቴ ፓራስካ ድንች የምትቀቅልበት እሱ ሳይሆን አይቀርም» አልከኝ። ቀጥለህም፣ «ግን የአባትህ ዶሮዎች ከእኔ የበለጠ ሰዓት አውሮፕላን ላይ አሳልፈዋል። ሜዳሊያው ለነሱ ነበር የሚገባው።»

በዚያው ሳምንት ጎትተን የአውሮፕላን መጠለያው ሃንጋር ውስጥ አስገባነው፣ ስንጠግነውም አሥራ አንድ ዓመት አለቀ። እኔ ከውጭ መምቻውን ይዤ፣ አንተ ከውስጥ የሪቬቱን ጫፍ በብረትህ ደግፈህ፣ መሀላችን ቆርቆሮ። በዚያ ጩኸት ቃል አይሰማም፤ አንተ በብረቱ ቆርቆሮውን ታንኳኳለህ። አንድ ጊዜ ከሆነ ድገም፣ ሁለት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሦስት ከሆነ ተበላሽቷል፣ ንቀለው። በነዚያ ዓመታት ከሰው ሁሉ ይልቅ ከአንተ ጋር ነው የተነጋገርኩት ብል ማጋነን አይሆንም፤ ያውም ፊትህን ሳላይ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፈው። ያቻምና ክረምት እጅህ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ትመታልኛለህ፣ ለኔ ግን የሪቬቱ ድምፅ ልክ አልመስል አለኝ። ማታ በባትሪ ሳይም አንዳንዶቹ ጠመም ብለው አገኘኋቸው። የዚያኑ ዕለት ልነግርህ ይገባ ነበር። አንተ በዚያ ብርድ ሰማይ ላይ ጅራት ውስጥ ተቆልፈህ ስትተኩስ እኔ የአባቴን ላሞች ነበር የማልበው። እኔ ማን ሆኜ ነው እጅህ ደከመ የምልህ? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አክብሮት መስሎኝ ነበር። ፍርሃት እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሰኞ ሰኞ፣ አንተ ፓራስካን ሐኪም ጋ ስትወስድ፣ ፖስተኛ የነበረውን ዴልመርን ብረትህን አስይዤ የአንተን ሪቬቶች እየነቀልኩ እንደገና መታሁ።

የሆነ ሰኞ ቀጠሮዋ ቀረና መጣህ።

«ዴልመር፣ በኔ ብረት ምን ትሠራለህ?» አልከው።

ዴልመር ወደ እኔ ዞረ። «ትንሽ እያስተካከልን ነው» አልኩህ።

«የማንን?»

የተነቀሉት ሪቬቶች የተጠራቀሙበትን ጣሳ አነሳህና አንዴ ነቀነቅከው። «ይሄ ሁሉ የኔ ነው? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና በፊት ጀምሮ።»

«እኔ ሁለት ስመታልህ አንተ በሆድህ ሦስት ትቆጥር ነበር ማለት ነው» አልከኝ። አልጮህክም። ብትጮህ በወደድኩ። ብረቱን ከዴልመር ተቀብለህ በጨርቅ ወለወልከው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥከው፣ የምሳ ዕቃህን ይዘህ ወጣህ። ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሆነው።

ሞተሮቹ ሲነሱ ጅራቱ ስለሚናጥ ባለፈው ወር ከዊኒፔግ አንዲት የአውሮፕላን መርማሪ መጣች። ኮሪን ትባላለች፤ ዕድሜዋን በአውሮፕላን ቆርቆሮ የጨረሰች፣ ለማንም ፊት የማትሰጥ ሴት ናት። የተበላሹትን ሪቬቶች በቀይ ጠመኔ እየከበበች ሄደች። ሃምሳ ሁለት ቆጠርኩ።

«እነዚህን ነቅሎ የመታቸው ማነው?» አለች።

«ምን ሆኑ?»

«ሲነቀሉ ቀዳዳው ሰፍቷል። ልቅ ናቸው። መጀመሪያ የነበሩት ምናልባት ትንሽ ጠምመው ይሆናል፤ ይሄን ያህል መጥመምማ ማንን ገደለ?»

እኔ ወደ ግራው ጎን፣ ወዳልደረስኩባቸው ያንተ ረድፎች ወሰድኳት። አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ ጠመኔዋን አላነሳችም። «እነዚህ ደህና ይዘዋል» አለች። «እባካችሁ ማንም እንዳይነካብኝ።»

ሃምሳ ሁለቱም የኔ ነበሩ ኔስቶር። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እሱ ውሸት አይደለም። ግን ሪቬቱ ይዞ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ ቀኝ ጆሮዬ ከደነቆረ ዓመታት ሳይሆነው አይቀርም አለኝ። በድምፁ አውቃለሁ ብዬ የፈረድኩብህ በዚያ ጆሮ ነው።

ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አብረውን ለሚሠሩት ሁሉ ሃንጋሩ ውስጥ ቆሜ ተናግሬያለሁ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። የተበላሸውን በወፋፍራም ሪቬት ተካነው። ያልተመቱትን አሥራ ሰባቱን ግን አላስነካሁም። ዴልመር ሊይዝልኝ ይችላል፣ አንተ ባትመጣም አውሮፕላኑ አይቀርም፤ ያንን ብዬ አላስፈራራህም። እንደተቀየምከኝ የምኖርበት ዕድሜ ግን ብዙ የቀረኝ አይመስለኝም፣ ይቅርታህን ሳላገኝ ያችን ቆርቆሮ መዝጋትም አቃተኝ።

ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ላሪሳ ልታመጣህ ፈቃደኛ ናት። ብረትህ አንተ ያስቀመጥክበት መደርደሪያ ላይ በጨርቅህ እንደተጠቀለለ አለ። አንተ ከውስጥ፣ የጥንቱ ቦታህ ላይ ትቀመጣለህ። እኔ ጆሮዬ ስለማይረባ ከእያንዳንዱ በኋላ መምቻውን አስቀምጬ ምልክትህ እንዲሰማኝ መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋለሁ። ሦስት ከመታህ እነቅለዋለሁ። ሁለት ከመታህ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ፣ ማታም በባትሪ ተመልሼ አላይም።

አርቪድ